ቅጠሉን ማን ወሰደው

ፊሎንን ሞቶ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ በቀሬና ገበያ ግማሹ ሰው «መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ» ሲል ስለሰማሁ ነው። ውሸታም ሁላ!

ጠዋት ጠዋት የፍየል ወተት አደርስለት ነበር። ፊሎን ከከተማው በስተደቡብ ያለው የሲልፊዮን ማሳ ጠባቂ ነው፤ ግሪክ ቢሆንም ደህና ሽማግሌ ነበር። «ታዚራ፣ ዛሬም ውሃ ቀላቅለሽበታል» ይለኛል። «ውሃውንም እኮ ከሩቅ ነው የቀዳሁት፤ ያመስግኑኝ» እለዋለሁ። ይስቃል። ጥርስ ስላልነበረው ሲስቅ ሕፃን ይመስል ነበር።

የአፖሎን በዓል በገባ ማግስት ግን የሚስቅ አልነበረም። ጎጆው ደጃፍ ላይ በደረቱ ተደፍቷል። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈጥርቋል። ደሙ ደርቆ ዝንብ ወሮታል፤ አጠገቡ መቆፈሪያ ወድቋል። ቀና ስል ደግሞ ማሳው የለም። ማለቴ መሬቱ አለ፤ ሲልፊዮኑ የለም። ሦስት መቶ የሚያህል ግንድ ቆሞበት የነበረው ቦታ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል።

እኛ ሊቢያውያን ይህን ተክል ቆፋሪዎች ነን። ሥሩን በልክ እንቆርጠዋለን፣ ሙጫው ይፈስሳል፤ ከዚያ ቁስሉን አፈር አልብሰን በተረከዛችን እንረግጠዋለን። ለከርሞ ይድናል። መንቀል አይቻልም። የግሪኮቹ ሕግ ስለከለከለ ብቻ አይደለም፤ አንዴ ከተነቀለ አይመለስም። ዘሩን ብትዘራው አይበቅልም፣ ብትኮተኩተው አይበቅልም፣ ንጉሥ ቢያዘውም አይበቅልም። ሙጫው በብር ልክ እየተመዘነ ባሕር ይሻገራል። ሀብታሞች ወጣቸው ላይ ይፈቀፍቁታል፤ ሳል የያዘው፣ ሆዱን የቆረጠው ይውጠዋል። አባቴ ሠላሳ ዓመት ሲቆርጠው አንድ ቀን ቀምሶት አያውቅም። እኔም።

ወደ መቆፈሪያው ጎንበስ አልኩ። እጀታው ላይ ግማሽ ጨረቃ ተቀርጿል።

የወተት እቃው ከእጄ ወደቀ። መቆፈሪያው የአባቴ ነው።

*

ከተማውን የሚዳኙት የሕግ ጠባቂዎች መርማሪ ኤውፍሪስ በአህያ መጣ። ሰውየው በጣም ወፍራም ነው፤ ከሟቹ ቀጥሎ ያሳዘነችኝ አህያዋ ናት። ሲወርድ ጉልበቱን ይዞ አቃሰተና ዙሪያውን አየ። የእኛን ቋንቋ አይችልም። የተሰበሰቡት ቆፋሪዎች ደግሞ የሱን አይችሉም፤ ወይም የማይችሉ መስለው ቆመዋል።

«እዚህ ግሪክኛ የሚናገር የለም?»

«እኔ አለሁ» አልኩ። «ማንበብም እችላለሁ።»

«ማን አስተማረሽ?»

«የሲልፊዮኑ መጋዘን ጸሐፊ፣ ሦስት ክረምት። በአራተኛው ‹ምላሷ ከብዕሬ ይፈጥናል› ብሎ አባረረኝ።»

«ይሄንን እንኳ ትክክል ተናግሯል» አለ ኤውፍሪስ። «በይ ተርጉሚ። የማን መቆፈሪያ ነው?»

ከኋላዬ አባቴ አላዴር ራሱ ወደ ፊት ወጣ። «የእኔ ነው በይው።»

«አባዬ!»

«በይው ነው ያልኩሽ።»

ነገርኩት። ከዚያ ግን ያልታዘዝኩትን ጨመርኩበት። «ግን ጌታዬ፣ መቆፈሪያው ሁሉ የሚቀመጠው ፊሎን ጎጆ ውስጥ ነው። ሕጋችሁ ነው! ከመቁረጫው ወር ውጪ ማንም እቤቱ አይወስደውም። የአባቴ ደግሞ ሁልጊዜ በሩ ሥር ነው የሚቆመው፤ የገባ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ነው የሚያነሳው።»

ኤውፍሪስ ጎጆውን አየ፣ በሩን አየ፣ እኔን አየ። «ትላንት ቆፋሪዎቹ የት ነበሩ?»

«ከተማ። ለበዓላችሁ እንጨትና ውሃ ሲሸከሙ ዋሉ። በዓሉን ግን ማየት አይፈቀድላቸውም፤ ከበሩ ውጪ አውርደው ይመለሳሉ።»

«ሁሉም?»

ቆፋሪዎቹ ወደ መሬት አዩ። አባቴ ትላንት ከእነሱ ጋር አልነበረም።

«የት ነበርክ?» አለው ኤውፍሪስ።

አባቴ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ሽማግሌውን አልነካሁም። በአባቶቼ መቃብር እምላለሁ። የት እንደነበርኩ ግን አልናገርም።»

«ይሄ መልስ አይደለም።»

«ሌላ የለኝም።»

ወታደሮቹ እጁን የፊጥኝ አሰሩት። ኤውፍሪስ ወደ እኔ ዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በበዓሉ ቀናት ሰው አይገደልም። ሦስት ቀን ቀርቷል» አለኝ። «ከዚያ ግን ወንጀለኛ የሚወረወርበት ገደል አለ። የሕግ ጠባቂዎቹ ሌላ ሰው እንድፈልግላቸው አላዘዙኝም።»

«እርስዎስ? ሳያዝዙዎት ምንም አይሠሩም?»

አንዱ ወታደር በጥፊ ሊለኝ እጁን አነሳ። ኤውፍሪስ፣ «ተዋት፣ አስተርጓሚዬ ናት» አለ።

*

ኤውፍሪስ ፊሎን ጎጆ ውስጥ የካርቴጅ የወይን ማሰሮ አገኘ። ኮንትሮባንድ! እዚህ አገር ሁሉም እንደሚያውቀው የካርቴጅ ሰዎች ወይን ሰጥተው በሥውር ሲልፊዮን ይወስዳሉ። ስለዚህ ለበዓሉ ገበያ የመጣውን የካርቴጅ ነጋዴ ቦስታርን ፍለጋ ሄድን። ተቀምጦ የተጠበሰ ዓሣ ይበላል።

«ማሰሮው የእኔ ነው» አለ ሳይደነግጥ። «ከሰባት ዓመት በፊት ባዶውን ለሽማግሌው ሰጠሁት። ውሃ ያስቀምጥበታል። አሽትተውታል?»

ኤውፍሪስ ወደ እኔ አየ። ያሸተትኩት እኔ ነበርኩ። «ውሃና እንቁራሪት ነው የሚሸተው» አልኩ።

«እሺ ወይኑ ይቅር። ሲልፊዮን ትገዛ የለም?» አለው ኤውፍሪስ።

«እኔ? ኧረ ጌታው፣ አማልክት ያሳዩዎት!» አለ ቦስታር፣ ዓይኑን እየጠቀሰ። «እንበልና የምገዛ ቢሆን፣ ሥሩን ምን አደርገዋለሁ? ሙጫው ከባቄላ ዱቄት ጋር ተለውሶ፣ በማሰሮ ተንጦ፣ ቀለሙ ሲለወጥ ነው የሚቆየው። ጥሬ ሥር እኮ መርከብ ላይ ሳይጫን ይበሰብሳል። ሦስት መቶ ግንድ ለመቁረጥና ለመናጥ ሃያ ሰውና አሥር ቀን ይፈልጋል። ይሄን በአንድ የበዓል ቀን የነቀለ ሰው ሌባ አይደለም፣ እብድ ነው።» ዓሣውን ጎረሰ። «ሥሩን ፈልጉት። አንድ ቦታ ጥሎታል።»

ኤውፍሪስ ስንወጣ፣ «ሙሽራ ይመስል ጆሮውን በጉትቻ ሞልቶ ከእኔ የተሻለ ያስባል» ብሎ አጉረመረመ።

*

ሥሩን ያገኘነው በማግስቱ ነው፤ ከማሳው ዝቅ ብሎ ባለው ደረቅ ሸለቆ ውስጥ። ተከምሯል። ወፍራም ወፍራሙ ሥር፣ አንዱም ሳይቆረጥ፣ ሙጫው በውስጡ እንዳለ፣ ፀሐይ ላይ እየበሰበሰ። ተንበርክኬ አለቀስኩ። ለእንጨት ታለቅሳለች እንዳትሉኝ! ከአባቶቼ መካከል ከነዚህ ሥሮች ያልቆረጠ የለም። ጠባሳቸውን በጣቴ ስነካ ዓመቱን መቁጠር እችላለሁ።

ኤውፍሪስ አጠገቤ ቆሞ ጠበቀኝ። ከዚያ፣ «የከተማውን የአምስት ዓመት ሀብት ነቅሎ ሸለቆ ውስጥ ጣለው» አለ። «አላዴር እንዲህ ያደርጋል?»

«አባቴ ሌባ ቢሆን እንኳ ቁስሉን አፈር ሳያለብስ አይሄድም። እግሩ እንቢ ይለዋል።»

«ይሄ ለሕግ ጠባቂዎቹ ማስረጃ አይሆንም።»

«እንግዲያው ይሄን ይንገሩልኝ» አልኩና ተነሳሁ። ሳለቅስ ያላየሁት ነገር ገና ዓይኔ ገብቶ ነበር። «ቅጠሉ የታለ?»

«ምን?»

«ቅጠሉ! ሥሩ እዚህ አለ፣ ግንዱ ተሰባብሮ እዚህ አለ። ቅጠል ግን አንድም የለም። እላይ ማሳው ላይም የለም። ቅጠል ደግሞ አይሸጥም። ብሩን ጥሎ ከረጢቱን የሚወስድ ሌባ አይተው ያውቃሉ?»

ኤውፍሪስ አንድ የተሰበረ ግንድ አንስቶ ጫፉን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ጫፉ በቢላ አልተቆረጠም፤ ተግጧል። መሬቱን አየ። ኮቴ ቢኖር እንኳ የደቡብ ነፋስ ሁለት ቀን ሙሉ ጠርጎታል።

«ማሳው ባዶ ከሆነ ምን ይደረግበታል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሲልፊዮን ከሌለ ጠባቂ አያስፈልገውም» አለ ቀስ ብሎ። «ለግጦሽ ይከራያል።»

ሁለታችንም ወደ ኮረብታው ማዶ አየን። ከዚያ ማዶ ያለው ግጦሽ በሙሉ የአንድ ሰው ነው፤ የፖሊያንቴስ።

*

ፖሊያንቴስ ብዙ ዓምድ ያለው ቤት፣ አራት ሺህ በግና ለስላሳ እጅ አለው። እኔን ውጪ አስቁሞ ኤውፍሪስን ሊያስገባ ነበር፤ ኤውፍሪስ ግን፣ «ጉልበቴን ያመኛል፣ እሷን ነው የምደገፈው» አለና ይዞኝ ገባ። ለካ መዋሸትም ይችላል።

ወዲያው የበግ ጥብስ ቀረበ። ለእኔ አልቀረበም።

«ወዳጄ ኤውፍሪስ፣ ይሄን ያህል ድካም ለምን?» አለ ፖሊያንቴስ። «መቆፈሪያው የሰውየው ነው። የት እንደዋለ አይናገርም። ሊቢያዊ ነው። ከዚህ በላይ ምን ፈለግህ?»

ኤውፍሪስ እየበላ ነው። ዓይኑን ጨፍኗል። «ይሄ ሥጋ... ምን አብልተኸው ነው?»

«ጥሩ ሣር።»

«በበዓሉ ቀን መንጋህ የት ነበር? ለሥርዓቱ ያህል ነው የምጠይቅህ።»

ፖሊያንቴስ ሳቀ። «እንደምትጠይቀኝ አውቄያለሁ። ከኮረብታው ማዶ፣ በለስ ካለበት የውሃ ጉድጓድ አጠገብ። ከዚያ ንቅንቅ አላለም። እረኛዬን ጠይቀው፤ ከፈለግህ አሁኑኑ። ከትራኪያ የመጣ ነው፣ ባለፈው ወር ነው የገዛሁት። መዋሸት ለመማር ጊዜ አላገኘም።»

«የእኛ ሰዎች አልነበሩም እንዴ እረኞችህ?» አልኩ። አፌ አያርፍም።

ፖሊያንቴስ ግድግዳው የተናገረ ይመስል አየኝ። «የእናንተ ሰዎች ደመወዝ ይፈልጋሉ» አለ።

*

ወደ ጉድጓዱ ከመሄዳችን በፊት አባቴን እንዳይ ኤውፍሪስ ፈቀደልኝ። የታሰረው የድንጋይ መፍለጫው ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ ነው። የገብስ ዳቦና በወተት የተበጠበጠ የአንበጣ ዱቄት ይዤለት ሄድኩ።

«አባዬ፣ የት ነበርክ? ለኔ ብቻ ንገረኝ።»

«ብነግርሽ ትናገሪያለሽ።»

«ነገ ማታ በዓሉ ያልቃል! ከገደል ሊወረውሩህ ነው፣ ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።» ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ ትልቁን ሰጠኝ። «እኔ ሄጄ የሚተርፍ ነገር አለ፤ እኔ ተርፌ የሚጠፋ ነገር አለ። ብዪ።»

እንዲህ ያለ ንግግር እጠላለሁ። በንዴት ዳቦውን ሳልበላ ወጣሁ።

*

እረኛው ቲቢስ ፀጉሩ ቀይ፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ ወጣት ነው። ኤውፍሪስ ጥላ ፈልጎ ተቀመጠና በየዋህ ድምፅ ጠየቀው።

«በበዓሉ ቀን መንጋው ከዚህ ተነስቶ ነበር?»

«አልተነሳም፣ ጌታዬ። አልተነሳም በል ብለው... አዎ፣ አልተነሳም።»

ኤውፍሪስ ይሄን ሰምቷል፤ ግን አልተቸኮለም። «አንድም በግ?»

ልጁ ላቡን ጠረገ። ጌታውን ለማዳን ከልቡ እየጣረ ነበር፣ ምስኪን። «እንዴት ይነሳሉ ጌታዬ? ቢፈልጉም አይችሉም! ውሃ እንደጠጡ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደቁና ተኙ። በዱላ ብነካቸው አይነቁም። በሽታ ነው ብዬ አለቀስኩ፣ አዲስ ነኝ፣ እኔን ነው የሚገርፉኝ አልኩ። የቆመው መሪው ፍየል ብቻ ነው፤ እሱም ቀኑን ሙሉ ሲያስነጥሰው ዋለ። ሃጢሽ፣ ሃጢሽ! እኔን እንኳ አሳቀኝ። በማግስቱ ሁሉም ደህና ሆነው ተነሱ። አዩ? መንጋው የትም አልሄደም።»

ኤውፍሪስ በረጅሙ ተነፈሰ። «አመሰግናለሁ» አለው። ወደ እኔ ዞሮ፣ «አበቃ። አልዋሸም። እንዲህ ያለ ነገር ፈጥሮ የሚናገር ሰው የለም» አለኝ።

እኔ ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ይሄን ነገር ግሪክ አያውቀውም። እኛ ቆፋሪዎች ሁሉ በልጅነታችን በአያቶቻችን መቃብር ላይ ተኝተን እንምላለን፤ ለግሪክ አንናገርም ብለን። ምክንያቱም ካወቁት፣ በየሸለቆው ፍየል እየነዱ ተሸሽጎ የበቀለውን ሁሉ ያገኙታል። ያገኙትን ደግሞ አይተዉም።

ነገ ማታ በዓሉ ያልቃል።

«ጌታዬ» አልኩ። «ለሕግ ጠባቂዎቹ ግማሹን ብቻ የሚነግሩ ከሆነ አንድ ነገር እነግርዎታለሁ።»

«መርማሪ ነኝ እንጂ በቅሎ ሻጭ አይደለሁም። አልደራደርም።»

«እንግዲያው አልናገርም።»

ከጥላው ተነስቶ አጠገቤ መጣ። «ግማሹን» አለ።

«በግ የሲልፊዮን ቅጠል በልታ ውሃ ከጠጣች ትተኛለች። እንደ ሬሳ። ፍየል ከበላች ደግሞ ያስነጥሳታል። ሌላ ምንም ነገር ሁለቱን በአንድ ቀን አያደርግም።»

ኤውፍሪስ ወደ በጎቹ ዞረ። ከዚያ ፊቱ ከአንገቱ ጀምሮ እየቀላ ወጣ። «ሥጋው» አለ። «ያ ሥጋ! ማስረጃውን ቁጭ ብዬ በላሁት!»

«ሁለቴ ጨምረዋል» አልኩ።

*

የሕግ ጠባቂዎቹ ዘጠኝ ናቸው፤ የሁሉም ዕድሜ ቢደመር ከከተማው ይበልጣል። ለበዓሉ መሠዊያው ላይ ከቀረበው የመጀመሪያ ሲልፊዮን ኤውፍሪስ ሦስት ቅጠል ቆረጠ። ካህኑ ልብሱን ቀደደ። ቅጠሉን በግቢው ውስጥ ለአንዲት በግ ሰጠናት፣ ውሃ አጠጣናት፣ ጠበቅን። በጓ ተልወስውሳ ወደቀችና አንኮራፋች። እርግጥ ከሕግ ጠባቂዎቹ አንዱ ቀድሟት ተኝቶ ነበር።

ስለ ፍየል ማንም አልተናገረም። ኤውፍሪስ ጸሐፊውን፣ «በጓ ትበቃለች፣ እሷን ጻፍ» አለው።

የእረኛው ቃል ሲነበብ የፖሊያንቴስ ፊት እንደ አይብ ነጣ። ሲልፊዮኑን ዕድሜውን ሙሉ በልቶት፣ ተክሉ እንዴት እንደሚኖር አንድ ቀን አልጠየቀም። ሁለት አሽከሮቹ ለየብቻ ተጠየቁ፤ ሁለቱም አንድ ነገር ተናገሩ። ሥሩ በበሬ ተነቀለ፤ ጥፋቱ በቆፋሪዎቹ እንዲሳበብ ነበር። ቅጠሉ ለምን ይባክናል ብሎ መንጋውን ያስገባው ፖሊያንቴስ ራሱ ነው። ሽማግሌው እየጮኸ በሬው ፊት ሲቆም፣ በሩ ሥር የነበረውን መቆፈሪያ ያነሳውም እሱ ነው።

«ለሣር ነው?» ብሎ ጮኸ ፖሊያንቴስ። «እኔን ለሣር ነው የምትከሱኝ?»

«ለፊሎን ነው» አለ ኤውፍሪስ። እኔ ለሁለቱም ነው ልል ነበር።

አሁን የሚያናድደኝን ስሙ። አባቴ ገድሎ ቢሆን ገደሉ ነበር የሚጠብቀው። ፖሊያንቴስን ግን በመርከብ ወደ ቀርጤስ ሰደዱት፤ ሁለት አሽከርና አልጋውን ይዞ! ማሳውስ? ባዶ ስለሆነ ለግጦሽ ተከራየ። የተከራየው የፖሊያንቴስ አማች ነው። በሕግ ነው አሉ። ቆፋሪዎቹን «የምትቆርጡት ስለሌለ ወደፈለጋችሁበት ሂዱ» አሏቸው። ሠላሳ ዓመት!

*

አባቴ በተፈታ በአምስተኛው ቀን ኤውፍሪስ ድንኳናችን ድረስ መጣ። የወሰደውን መቆፈሪያ ሊመልስ ነው። ወተት ሰጠሁት።

«ውሃ አለበት» አለ።

«ከሩቅ የተቀዳ ነው» አልኩ፤ ወዲያው ፊሎን ትዝ አለኝ።

ኤውፍሪስ ወደ አባቴ ዞረ። «አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። መዝገቡን ለመዝጋት ነው። በዚያ ቀን የት ነበርክ?»

ተረጎምኩ። አባቴ እሳቱን ቆሰቆሰ።

በዚህ መሃል ጥቁሯ ፍየላችን ከድንኳኑ በላይ ካለው ጠባብ ሸለቆ ብቻዋን እያመሰኳች ወረደች። መሃላችን ደርሳ ቆመች። አንገቷን ሰበቀች።

ሃጢሽ!

እንደገና፣ ሃጢሽ! የአባቴ እጅ እንጨቱን እንደያዘ ቀረ። ያኔ ነው በበዓሉ ቀን እዚያ ሸለቆ ውስጥ እንደነበር የገባኝ። ሲልፊዮን የከተማው ነው፤ የደበቀ ሰው ከገደል ይጣላል። ለዚህ ነው ሊሞት የነበረው፤ ላንድ ግንድ፣ ምናልባት ለሁለት።

ኤውፍሪስ ፍየሏን አየ። ሸለቆውን አየ። በዚህ አገር ከግሪኮች ሁሉ ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፣ ያሳወቅሁትም እኔ ነኝ። ወተቱን እስከ መጨረሻው ጠጣና ጽዋውን መለሰልኝ።

«ጉንፋን ይዟታል» አለ። «በዚህ ሰሞን ነፋሱ መጥፎ ነው። እሰሯት።»

ጉልበቱን ይዞ እያቃሰተ አህያዋ ላይ ወጣና ወደ ኋላ ሳያይ ሄደ። እኔ ፍየሏን በቀንዷ ያዝኳት።

አባቴ ተነስቶ ገመድ ፍለጋ ገባ።